ሐይቁ ለባለመኪና፣ አቧራው ለባለአውቶቡስ!

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የባሕር በር አልባ ከሆነች ሠላሳ ዓመት አልፏል። በጥቅምት 2016 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ቀይ ባሕር ካነሱ ወዲህ ደግሞ ባሕር የማይነሳበት የቡና ወሬ ጠፍቷል። ይነሳ፤ ማን ጠላ! እኔም አልጠላሁም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ባሕሩ እስኪመጣ ድረስ በእጃችን ያለው ሐይቅ ነው። ለመሆኑ እሱንስ ቢሆን ደርሶ የሚያየው ማነው? መኪና የሌለው፣ የአውቶቡስ ሒሳቡን ቆጥሮ ከቤቱ የሚወጣ ሰው፣ በገዛ አገሩ ሐይቅ ዳር ደርሶ፣ እግሩን ነክሮ፣ አንድ ዓሣ በልቶ በሰላም ሊመለስ ይችላል ወይ?

የምጽፈው በሰሚ ሰሚ አይደለም። በቁራጭ ጽሑፍ የሚተዳደር ጋዜጠኛ መኪና የለውም። ከቢሾፍቱ እስከ አርባ ምንጭ ያለውን የስምጥ ሸለቆ መንገድ የማውቀው በአገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ በቅጥቅጥና በአባዱላ መስኮት ነው። መስኮት ካገኘሁ ማለቴ ነው።

በዚያ መስመር የተደረደረው ውበት ለሌላ አገር ቢሰጥ ስንት በተባለለት! ዝዋይ ከነደሴቶቹ፤ ከደሴቶቹም ቱሉ ጉዶ ላይ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ተሸሽጎበታል የሚባለው ገዳም አለ። ቡናማው ላንጋኖ፣ የወፎቹ አቢጃታ፣ ጥልቁ ሻላ፣ ከዚያ ሐዋሳ። ወረድ ሲሉ አባያና ጫሞ፣ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ሸንተረር። ይህ ሁሉ ከአንድ መናኸሪያ በሚነሳ አውቶቡስ የሚደረስበት ነው። በወረቀት ላይ ማለት ነው።

ከቅርቡ እንጀምር። ቢሾፍቱ ለመድረስ ችግር የለም። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሚኒባሱም አይጠፋም። ችግሩ ከደረሱ በኋላ ነው። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙት እነዚያ ሐይቆች ዳራቸው በግንብ፣ በቆርቆሮና በሽቦ ተይዟል። ከተማዋ ውስጥ ቆመው «ሐይቁ በየት በኩል ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚነገርዎት የሆቴል ስም ነው። ውሃውን ለማየት በር ላይ ተፈትሸው ይገባሉ፣ ወንበር ይይዛሉ፣ አንድ ለስላሳ ያዛሉ። የለስላሳው ዋጋ ለስላሳ አይደለም! የሐይቅ ማያ ቀረጥ ነው። ሦስት ልጆች ይዞ የመጣ አባወራ ሒሳቡን በልቡ ደምሮ ከበሩ ሲመለስ ዓይቻለሁ። ልጆቹ «አባዬ፣ ሐይቁ የታለ?» ይሉታል። ምን ይበላቸው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትም ሆነ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ይህን አንቀጽ ጎጆውን በሕገወጥነት ስም ለሚያፈርሱበት ደሃ በደንብ ያነቡለታል። ለባለ አጥሩ ግን የሚያነብለት የለም። እኔ የሆቴል ጠላት አይደለሁም። ኢንቨስተሩ ይሥራ፣ ያትርፍ። ነገር ግን በግንቡና በውሃው መካከል ሰው በእግሩ የሚያልፍበት ስንዝር መሬት ያልተወው በማን ፈቃድ ነው? ፈቃዱን የፈረመው ባለሥልጣን ሐይቁን የማን ንብረት ነው ብሎ ነው የፈረመው?

ወደ ላንጋኖ እንለፍ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት በጨለማ ተነስተው መናኸሪያ ይሰለፋሉ። ላንጋኖ የሚል አውቶቡስ የለም፤ የሐዋሳውን ወይም የሻሸመኔውን ይይዛሉ። ረዳቱ ሙሉውን የሐዋሳ ሒሳብ ይቀበልዎታል። «እኔ እኮ ወራጅ ነኝ» ቢሉ፣ «ወንበሩን ባዶ ይዤው ልሂድ?» ነው መልሱ። እንደ እሱ ከሆነ ልክ ነው፤ ቢዝነስ ነው። ልክ ያልሆነው በዚህ ሁሉ ሐይቅ መካከል በሚያልፍ መስመር ላይ የመካከለኛ ማቆሚያ ታሪፍ አውጥቶ የሚያስከብር መሥሪያ ቤት አለመኖሩ ነው። «አይ፣ እየቆረጥኩ እሄዳለሁ» ካሉ ደግሞ ከሞጆ መቂ፣ ከመቂ ዝዋይ፣ ከዝዋይ ቡልቡላ፣ ከቡልቡላ ነጌሌ እያሉ በየመናኸሪያው «ሞላ፣ ሞላ፣ አንድ ሰው!» የሚለውን ውሸት እየሰሙ መዋል ነው። አንድ ሰው የተባለው ስድስት ሰው ነው።

ከአውቶቡሱ የሚወርዱት አስፋልቱ ላይ ነው። ሐይቁ በስተግራ በሩቅ ያብረቀርቃል። እስከ ዳሩ እንደሚሄዱበት ቦታ ሁለትም ሦስትም ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ግራርና አቧራ ነው። ጥላ ያለው ማቆሚያ የለም፣ የሰዓት ሰሌዳ የለም። ባለ ላንድክሩዘሩ ግን አቧራውን አልብሶዎት በአምስት ደቂቃ ይደርሳል።

አንድ ጊዜ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ከእኔ ጎን ተቀምጠው ነበር። ለሻላው ፍል ውሃ ነው የመጡት። ከሐይቁ ዳር የሚፈልቀው ፍል ውሃ ለቁርጥማት ፍቱን ነው ብለዋቸው። የአቢጃታ ሻላ ፓርክ በር ስንደርስ ረዳቱ፣ «እማማ፣ እዚህ ነው፤ ቶሎ በሉ፣ ትራፊክ እንዳያየን» አላቸው። ወረዱ። ዘወር ዘወር አሉና፣ «ልጄ፣ ውሃው የታለ?» «ያው ከፊትዎ ነው እማማ!» አላቸውና በሩን ዘጋ። ከፊታቸው ያለው ውሃ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ጉልበታቸው ይቁጠረው። እኔ በመስኮት ሳያቸው ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል። እኒህ ሴት ለቱሪዝም ቢሮው «ጎብኚ» አይደሉም። በየትኛው ቅጽ ላይ ይመዘገባሉ?

መመለሱ ከመሄዱ ይብሳል። ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው ሁሉ ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ትርፍ መጫን ክልክል ነው፤ ሕጉም ደግ ነው፣ ሕይወት ያድናል። ግን ባዶ ወንበር የሚጠብቅ መንገደኛ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ አስፋልት ዳር እጁን ሲያወዛውዝ ይውላል። ከመሸ ደግሞ ማን ይንቀሳቀሳል? መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። በሰኔ መጨረሻ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ላይ ሲታገቱ አገር ሰምቷል። አቅጣጫው ሌላ ነው፤ ፍርሃቱ ግን በየመናኸሪያው አንድ ነው። አጃቢ የሌለው የአውቶቡስ ተሳፋሪ ነውና ከመምሸቱ በፊት መግባት አለበት። ስለዚህ ሐይቅ ዳር የሚቆየው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ያውም ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል።

«የፍጥነት መንገድ ተሠርቶልህ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተሠርቷል። ከሞጆ ሐዋሳ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሆን የታቀደው መንገድ እስከ ባቱ፣ ማለትም እስከ ዝዋይ፣ ያለው ክፍል አገልግሎት ላይ ነው። መልካም ሥራ ነው፤ አደጋም ይቀንሳል። ግን የፍጥነት መንገድ አጥር ያለው መንገድ ነው፤ ወራጅ አያውቅም። የገጠሩ ሰው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ቲማቲም ጫኟ፣ ሐይቅ ልይ ባዩ ሁሉ የሚቀረው አሮጌው መንገድ ላይ ነው። ፈጣኖቹ አውቶቡሶች በአዲሱ ሲያልፉ ለአሮጌው ማን ተመደበለት?

አሁን ወደ ገበታው። በ2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» ተብሎ አንድ ሳህን እራት በአምስት ሚሊዮን ብር ተበላ። ቀጥሎ «ገበታ ለሀገር» መጣ፤ ጎርጎራ፣ ወንጪ፣ ኮይሻ። ሪዞርት ተሠራ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ በድሮን ተቀረጸ። ፊልሙ ያምራል፣ አልዋሽም። እኔ ግን ፊልሙን ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር ፍለጋ ነው፦ መናኸሪያ። ሎጁን አሳዩን፣ ጀልባውን አሳዩን፣ የአልጋ አንሶላውን ሳይቀር አሳዩን። አውቶቡሱ የሚቆምበትን ግን አላሳዩንም። «ሥራ ተፈጥሯል» ይላሉ። እሺ፣ ተፈጥሯል። አልጋ የምታነጥፈው ልጅ ታዲያ በምን እየሄደች ነው የምትሠራው? በእግሯ ወይም በሰው ሞተር ሳይክል ጀርባ ነው። ለእንግዳው ብቻ ሳይሆን ለአስተናጋጇም አውቶቡስ አልታሰበም።

ሌላው ዓለም እንዴት ነው? ፈረንጅ አገር ሁሉ ገነት ነው የሚሉት ዓይነት ሰው አይደለሁም፤ ግን የሚበጀውን መቅዳት ነውር የለውም። በደቡብ ጣሊያን የአማልፊ የባሕር ዳርቻ በውበቱ የታወቀ ነው፤ መንገዱ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ጠባብ ነው። መኪና ሲበዛበት ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ2022 በበጋ የታርጋ ቁጥር ጎዶሎና ሙሉ እየለዩ የግል መኪናን በፈረቃ አደረጉት። የሕዝብ አውቶቡስ ግን ነፃ ነው። እዚያ የተከለከለው ባለመኪናው ነው! ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣችው ሕግ የባሕር ዳር ይዞታ ያለው ሰው ለእግረኛ መተላለፊያ ሦስት ሜትር እንዲተው አስገድዳለች። ሦስት ሜትር! ከአንድ ቅጥቅጥ ወርድ እምብዛም አይበልጥም። ለዚህ ምን ገንዘብ ያስፈልጋል? ብድር የለበት፣ ዶላር የለበት፣ አንድ አዋጅና አንድ ሜትር የያዘ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው።

ከእኛም አርአያ አለ እኮ። ሐዋሳ ከመናኸሪያው ባጃጅ ይይዛሉ፣ ፍቅር ሐይቅ ይወርዳሉ፣ የማንንም በር ሳያንኳኩ በውሃው ዳር ይራመዳሉ። አሞራ ገደል ሄደው ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ ትርፍራፊውን ሲሻማ ያያሉ። ፍቅረኞቹ፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ሊስትሮው ሁሉም አሉ። እዚያም ሆቴሉ እየተስፋፋ ዳሩን እየቆረሰ ነው፤ ግን ሰው እስካሁን ሐይቁን «የኛ ሐይቅ» ይለዋል። ቢሾፍቱ ላይ እንዲህ የሚል ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። ሐዋሳ የቻለችውን ሌላው ለምን አቃተው?

የምንጠይቀው ቤተ መንግሥት አይደለም። ላንጋኖና ሻላ መገንጠያ ላይ ጥላ ያለው ማቆሚያ ይሠራ። የመካከለኛ ታሪፍ ወጥቶ በየአውቶቡሱ በር ይለጠፍ። ከመገንጠያው እስከ ሐይቁ የሚመላለስ ቅጥቅጥ ይመደብ፤ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባዶውን ከነጌሌ ተነስቶ መንገደኛ እየለቀመ የሚመለስ አንድ አውቶቡስ ይኑር። በየሐይቁ ዳር ያለው ግንብ ተለክቶ የእግረኛ መተላለፊያ ይከፈት። የፈቃድ ወረቀቶቹም ይውጡና እንያቸው፤ በማን ፊርማ እንደታጠርን እንወቅ።

የሚቀጥለውን ሪዞርት የሚመርቁት ባለሥልጣንም በሄሊኮፕተር አይምጡ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቃሊቲ መናኸሪያ እንጠብቃቸዋለን፤ ቦታ እንይዝላቸዋለን። ረዳቱ የሙሉ መንገድ ሒሳብ ይቀበላቸዋል። መልስ ሲጠይቁት፣ «በኋላ፣ ሲወርዱ» ይላቸዋል።