«ካንስል አድርጊው» ሲሉን

በዚህ እትም ስለ ኮንትራት እድሳት ልጽፍ አስቤ ነበር። ግን ባለፈው የብርድ ወራት የደረሰብንን ነገር ለብዙዎቻችሁ ሳወራ «እኔም እኮ እንደዚያው ነው የማደርገው» ስላላችሁኝ፣ መጀመሪያ ይኼ ይነገር ብያለሁ።

አርብ ነበር። ዕቁባችንን ጥለን ከጀበል አማን ወደ ኻልዳ ልንመለስ አራት ሆነን ቆመናል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁላችንም ቤት መግባት አለብን። በስልኬ መኪና ጠራሁ፤ ሦስት ዲናር አለ። ሹፌሩ መጣና መታጠፊያው ላይ ቆመ። ከኋላው ያለው መኪና ጡሩምባውን አላቋርጥ አለ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ያላ፣ ያላ! ካንስል አድርጊውና በዚያው ዋጋ በእጅ ትሰጡኛላችሁ» አለን። ካንስል ያደረግኩት እኔ ነኝ።

መንገድ ላይ ሦስቱ ዲናር አምስት ሆነ። አንከፍልም ስንለው ኻልዳ ሳንደርስ፣ የእግረኛ መንገድ በሌለው ሰፊ ጎዳና ዳር አወረደን። በጥድፊያ ስንወርድ የአንዷ ጓደኛችን ቦርሳ ኋላ ወንበር ላይ ቀረ። ኢቃማዋና የወር ደሞዟ እዚያ ውስጥ ነበር። ድርጅቱ ጋ ስንደውል «ሹፌሩን ጠይቀነዋል፤ እነሱ ሰርዘዋል፣ እኔ አልጫንኳቸውም ብሏል» ብለው መለሱልን። እውነትም ስልኬ ላይ ያለው የተሰረዘ ጥሪ ነው። ተሳፍረን እንደነበር የሚመሰክርልን ወረቀትም ሰውም የለም።

ጥፋቱ የሱ ነው። ግን የኔም እጅ አለበት፤ ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢጫ ታክሲን መንገድ ዳር ቆመሽ እጅ አንስተሽ ታስቆሚዋለሽ፣ ሒሳቡን ቆጣሪው ይነግርሻል። እንደ ኡበርና ካሪም ባሉት የምንጠራቸው ግን የግል መኪናዎች ናቸው። ሁለቱም አማን የገቡት በፈረንጅ 2015 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈቃድ ስላልነበራቸው ፖሊስ ሹፌሮቹን ይቀጣ፣ መኪናቸውንም ይይዝ ነበር። የቢጫ ታክሲ ሹፌሮችም እንጀራችንን ወሰዱብን ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። በሕግ መንገድ የተከፈተላቸው በ2017 ከወጣው የሕዝብ ማመላለሻ ሕግ በኋላ ነው። ፈቃዱ ግን በስልክ ለተጠራ ጉዞ ነው፤ መንገድ ለመንገድ ሰው እንዲለቅሙበት አይደለም። ስለዚህ ካንስል ያልን ጊዜ ያ ሹፌር እንደ ማንኛውም ባለ መኪና ይሆናል፣ እኛም የማናውቀው ሰው መኪና ውስጥ የገባን ሴቶች እንሆናለን።

ሹፌሩ ለምን እንደሚጠይቀን ይገባኛል። ድርጅቱ ከእያንዳንዱ ጉዞ ይቆርጥበታል፣ ቤንዚኑ የሱ ነው፣ ምናልባት የመኪናው ዕዳም አለበት። መቆሚያውም ያስጨንቀዋል። በ2023 የትራፊክ ሕጉ ተሻሽሎ ቅጣቱ ከብዷል። መታጠፊያ ላይ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ከቆመ መኪና ጎን ተደርቦ መቆም ያስቀጣል። ለዚያ ነው ገና በሩን ሳንከፍት «ያላ» የሚለን። እሱ ቅጣቱን ይፈራል፣ እኛ ሰዓቱን እንፈራለን፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በመሃል ቦርሳ ይቀራል፣ ሰውም ይገጫል።

አገር ቤት የለመድነውም አለ። አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ካልን በቃ፣ የትም ቢሆን ይቆማል። እኔ ስወጣ ራይድ ገና አልተስፋፋም ነበር፤ አሁን ታናሽ እህቴ 8294 ደውላ በሯ ድረስ ታስመጣለች። እኛ እዚህ በር ድረስ ማስመጣት አንችልም። ማዳም በሬ ላይ መኪና አይቁም ትላለች። ብዙዎቻችን ደግሞ ስልካችን የሚሠራው በቤቱ ዋይፋይ ነው። ስለዚህ ከውስጥ እንጠራና ወደ ማዕዘኑ እንወርዳለን። ዋይፋዩ ይቋረጣል፣ ሎኬሽኑ ቪላው በር ላይ ይቀራል፣ ሹፌሩ እዚያ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል፣ ማዳም ትቆጣለች። እኛ ከታች ማዕዘን ላይ እንጠብቃለን። ሹፌሩ አጥቶን ተናዶ ሲመጣ የሚለንን ሁሉ እሺ እንላለን።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይኼ ነው።

አንደኛ፣ ካንስል አናድርግ። ግማሽ ዲናር ቢቀንስልንም አናድርግ። ሹፌሩ እምቢ ካለ ራሱ ይሰርዘው፤ እኛ ሌላ እንጥራ ወይም ቢጫ ታክሲ በቆጣሪ እንያዝ።

ሁለተኛ፣ ስንጠራ ሎኬሽኑን ቤቱ ላይ ሳይሆን በእግር በምንደርስበት በሚታወቅ ቦታ ላይ እናድርገው። ፋርማሲ ወይም ሱፐርማርኬት ይሁን፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ መብራት ያለበትና መኪና ጥግ ይዞ የሚቆምበት ይሁን። ዋስፊ አል-ተል መንገድ ላይ መኪናው በሚበዛበት ሰዓት አንቁም፤ ወደ ውስጥ ገባ ያለው መንገድ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ከዋይፋይ ሳትወጪ የሹፌሩን ስምና የሰሌዳ ቁጥሩን ፎቶ አንሺና ለአንዲት እህት ላኪ። መኪናው ሲመጣ ሰሌዳውን አይተሽ ግቢ። ስትወርጂ በቀኝ በኩል ውረጂ፤ እዚህም እንደ አገራችን መኪና የሚነዳው በቀኝ ነው፣ በግራ በር ከወጣሽ ሌላ መኪና ፊት ነሽ። ከመውረድሽ በፊት ወንበሩን በእጅሽ ዳሰስ አድርጊ።

ከማዳሞቻችንም ጋር እንነጋገር። እዚህ አገር የቤት ሠራተኛ በ2008 በሠራተኛ ሕግ ውስጥ ገብታለች፤ በ2009 የወጣው ደንብም በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ሰጥቷታል። ዕረፍቱ ካለ መውጫና መግቢያም ይኖረዋል። «ማዳም፣ መኪና በርሽ ላይ አይቆምም፣ ፋርማሲው ጋ ነው የምጠብቀው፤ መንገድ ተዘግቶ ሩብ ሰዓት ባረፍድ አትቆጪኝ» ማለት ድፍረት አይደለም። ያቺ ሩብ ሰዓት ብትኖረን ኖሮ ያን ቀን ካንስል አላደርግም ነበር።

ኢቃማዋ የተቃጠለባት እህታችን ስሟ ስልክ ላይ እንዳይመዘገብ ፈርታ መንገድ ላይ ካገኘችው መኪና ጋር ትደራደራለች። እሷን «ሕግ ጣሰች» ብለን አንተዋት፤ ለብቻዋ ማምሸት የለባትም፣ አብራን ትሂድ።

በሚቀጥለው ስብሰባችን እያንዳንዳችን ከምትሠራበት ቤት አጠገብ ያለውን ጥሩ የመጠበቂያ ቦታ ይዛ ትምጣ። በአንድ ወረቀት እንጽፈውና ለአዲስ ገቢዎች እንሰጣለን። ቦርሳዋ የጠፋባት ጓደኛችን የሷን ነግራናለች፤ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ነው። አዲሱን ኢቃማዋን አሁን በአንገቷ አንጠልጥላ ነው የምትወጣው።