መንገድ ይዞራል፣ ቅርስ ግን አይተካም

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። አየርላንድ ውስጥ በመንገድ ሥራና በጥንታዊ ቅርስ መካከል ለዓመታት የዘለቀውን ሙግት በተመለከትኩ ቁጥር የሚታወሰኝ ይኸው ተረት ነው። የቅርስ ባለሙያው የሚጠራው ብዙውን ጊዜ መስመሩ ከተቀየሰና ገንዘቡ ከተመደበ በኋላ ነውና ጩኸቱ ቢሰማም የሚለውጠው ነገር እምብዛም ነው።

ደግነቱ፣ ጩኸት ፍሬ ያፈራበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የዋተርፎርድን ከተማ በጎን ለሚያልፍ አውራ ጎዳና በመስመሩ ላይ የሙከራ ቁፋሮ ሲካሄድ፣ ዉድስታውን በተባለ ስፍራ፣ በሹር ወንዝ ዳርቻ፣ ቫይኪንጎች በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰፈሩበት መንደር ተገኘ። ከ5,000 በላይ ዕቃዎች ወጡ፤ የብር ቁርጥራጮች፣ ብር ይመዘንባቸው የነበሩ የእርሳስ መመዘኛዎች፣ የመርከብ ምስማሮች። ከሰይፉና ከጋሻው ጋር የተቀበረ ተዋጊ መቃብርም ተገኘ። ቫይኪንግ ሲባል ዘራፊ ብቻ ለሚታየው ሰው እነዚያ መመዘኛዎች ሌላ ታሪክ ይነግሩታል፤ እዚያ ገበያ ነበር፣ ሒሳብ ነበር።

ከብዙ ክርክር በኋላ መንግሥት በ2005 ስፍራውን ብሔራዊ ቅርስ ብሎ አወጀ፤ የመንገዱም መስመር ተለወጠ። ታዲያ ዋተርፎርድ መንገድ አጥታ ቀረች? አልቀረችም። ጎዳናው በ2009 ተመርቆ ተከፈተ፤ የቫይኪንጎቹም ሰፈር ከአፈሩ ሥር እንዳለ ተጠበቀ።

የደብሊኑ ዉድ ኪ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። በዚያ ስፍራ የመጣው አደጋ ከመንገድ ሳይሆን ከራሱ ከማዘጋጃ ቤቱ ነበር። በ1978 ካህንና የታሪክ ፕሮፌሰር የነበሩት ኤፍ. ኤክስ. ማርቲን ያስተባበሩት ሃያ ሺህ ያህል ሕዝብ ሰልፍ ወጣ፤ ፍርድ ቤትም ስፍራው ብሔራዊ ቅርስ ነው አለ። ይሁን እንጂ የማዘጋጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት በቫይኪንጎቹ ደብሊን ላይ ከመገንባት አልዳነም።

«ቅርሱን እኮ ቆፍረን፣ ፎቶግራፍ አንስተን፣ መዝግበን ነው የምናልፈው» የሚል መልስ ይሰጣል። በ2004 የተሻሻለው የአየርላንድ የቅርስ ሕግም ሚኒስትሩ ይህንኑ እንዲያዝዝ ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። በ2007 በታራ ኮረብታ አቅራቢያ፣ ሊስሙለን ላይ፣ ከቫይኪንጎች ዘመን እጅግ የሚቀድም የክብ አጥር ቅሪት በተገኘ ጊዜ የሆነውም ይኸው ነው፤ ተመዘገበ፣ በ2010 መኪና ይነዳበት ጀመር። መዝገብ ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የሟች ፎቶግራፍ ሟቹን አይተካም። ነገ የተሻለ መሣሪያና የተሻለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣው ተመራማሪ የሚያነበው እኛ ማየት የቻልነውን ብቻ ይሆናል።

በሌላ በኩል፣ መንገዱ ባይታሰብ ኖሮ ዉድስታውን ላይገኝ ይችል እንደነበር ማመን ተገቢ ነው። መንገድም ያስፈልጋል። የእኔ ሙግት ከመንገድ ጋር ሳይሆን ከቅደም ተከተሉ ጋር ነው። በ2018 ኖርዌይ ውስጥ፣ የልስታድ በተባለ ስፍራ፣ 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የቫይኪንግ መርከብ አንድ አካፋ አፈር ሳይነሳ በራዳር ታይቷል። ከእርሻ መሬት ሥር የተቀበረ መርከብ በዚህ መንገድ መታየት ከቻለ፣ ቀያሹ ካርታው ላይ መስመር ከማስመሩ በፊት መሬቱን የማያስፈትሽበት ምክንያት ምንድን ነው? ፍተሻው ለቅርሱ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥት ካዝናም ይበጃል፤ በወረቀት ላይ ያለን መስመር ማጠፍ ተቋራጭ ከገባበት በኋላ ከማጠፍ እጅግ ይረክሳልና።

ስለዚህ ሕግ ሁለት ነገር ሊያስገድድ ይገባል እላለሁ፦ ፍተሻው ከቅየሳው እንዲቀድም፣ የቅርሱም ዕጣ በአንድ ሚኒስትር ፊርማ ብቻ እንዳይወሰን። ውሻው መጮህ ያለበት ጅቡ ገና ከበሩ ሳይደርስ ነው።