በሐሰት የሚጮኽ ዘበኛ

በደቡብ አሜሪካ፣ በአማዞን ጫካ ውስጥ፣ ሊቃውንት «ታምኖማኔስ» ብለው የሚጠሩት የወፍ ወገን አለ። ዓይነቱ 4 ነው፤ ክብደቱም ወደ 20 ግራም ገደማ ነው። ልዩ ልዩ ትንንሽ ወፎች ማኅበር ገጥመው ከቅጠል ቅጠል ነፍሳት ሲለቅሙ፣ እርሱ በመካከላቸው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጭልፊት ብቅ ያለ እንደ ኾነ ይጮኻል፤ ኹሉም ይሸሸጋል። ምግቡም በአብዛኛው እነርሱ ካስበረገጉት ነፍሳት በአየር ላይ የሚቀልበው ነው። እስከዚህ ድረስ ነውር የለበትም፤ ዘበኛ ደመወዝ ይገባዋልና።

ነገር ግን ቻርልስ መን የተባለ ተመራማሪ በፔሩ፣ በማኑ ብሔራዊ ፓርክ የተመለከተውን በ1986 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ቢያሳትም ሌላ ጉድ ተገለጠ። ዘበኛውና ሌላ ወፍ ለአንድ ነፍሳት ሲሽቀዳደሙ፣ ዘበኛው ጭልፊት ሳይኖር የጭልፊቱን ጩኸት ያሰማል፤ ያኛው ለቅጽበት ሲደነግጥ ዘበኛው ሲሳዩን ይነጥቀዋል።

ከአንባቢዎቼ መካከል «ይኽም የድካሙ ዋጋ ነው» የሚል መቼም አይጠፋም። እኔ ግን አልስማማም። ዋጋ ማለት ሰጪው ዐውቆ የሚሰጠው ነው፤ ይኽ ግን የሌላው ነፍስ የተንጠለጠለበትን ድምፅ ለገዛ ሆድ ማዋል ነው። ደግሞስ ተንኰሉ የሚሠራለት በምን ኾነና? ጩኸቱን ያመነ ወፍ የሚያጣው አንድ ፌንጣ ነው፤ ያላመነ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ታዲያ ለምን ጥለውት አይኼዱም? እዚያው ፔሩ ውስጥ ተደርጎ በ2018 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች ዘበኞቹን ከማኅበሩ ቢለዩ፣ የቀሩት ወፎች ገላጣውን ትተው ጥቅጥቅ ወዳለው ቅጠል ገቡ።