ፋይበርም እንደ መንገድ የሕዝብ ነው!
የተከበራችሁ የባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ከተሞች መራጮች፣

መንግሥት በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም ለሚመራው ጥምረት የቴሌኮም ፈቃድ ሰጥቶ 850 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሏል። ፈቃዱ የሚሠራው በሕዝብ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ገንዘቡም የሕዝብ ነው። ከዚህ ውስጥ ለደቅ ደሴት፣ ለዘጌና ለፎገራ ገጠር የፋይበር መስመር መዘርጊያ ስንት ብር ዋለ? መንግሥት ሂሳቡን ለሕዝብ ያሳይ!

ኩባንያ የሚሄደው ትርፍ ወዳለበት ነው። ከተማው ደንበኛ ሞልቶለት ሳለ ራቅ ወዳለ ቀበሌ ኬብል አይቀብርም። ስለዚህ ዋናውን መስመር እንደ መንገድ ሁሉ በሕዝብ ገንዘብ መዘርጋት የመንግሥት ግዴታ ነው።

“ይህ ከተሜውን ምን አገባው?” ለሚሉ መልሳችን አጭር ነው፦ የፎገራን ሩዝ የሚሸምተው ከተሜው ነው፤ ገበሬው የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ ሲሸጥ የሚያተርፈው ደላላው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በነጋዴውና በተማሪው ላይ የደረሰውን ጉዳትም አንረሳም።

ፓርቲያችን ሲመረጥ፦
1. ከቴሌኮም ፈቃድ ገቢና ከኢትዮ ቴሌኮም ትርፍ ለገጠር ፋይበር የሚውል ድርሻ በሕግ ይወሰናል፤
2. መስመሩ ለሁሉም ኩባንያዎች በእኩል ዋጋ ይከራያል፤
3. ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አገልግሎቱ አይቋረጥም።

ፍርዱ የእናንተ ነው፤ በድምፃችሁ ፍረዱ!