ገመዱን ከማውጣታችን በፊት ወረቀቱን እናውጣ

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሃኪርያ ውስጥ ከቤታችን ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ጎረምሶች ተሰብስበው አንድ ስልክ ያያሉ። ውትድርናውን ጨርሶ አሜሪካን ዞሮ የተመለሰ የጎረቤታችን ልጅ ያነሳው ፎቶ ነው። አውቶቡስ የሚያህል ቤት መኪና ከኋላው አንዲት ትንሽ መኪና አስሮ ይጎትታል። የትንሿ መኪና አራቱም ጎማ መሬት ላይ ነው፤ ውስጧ ሰው የለም። «እዩ!» አለ አንደኛው፣ «እነሱ አገር ለአገር ይጎትታሉ፤ እኛ ከዓድ ሃሎም እስከ ኪርያት ማላኺ ብንጎትት ምን ይለናል?» ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዓድ ሃሎም እስከ ኪርያት ማላኺ በገመድ የተጎተተችው መኪና የእኔ ነበረች።

ውድ አንባብያን፣ እኔ እዚሁ አገር ተምሬ የተመረቅሁ የማኅበረሰብ ነርስ ነኝ። ሥራዬ ሰው ቤት መሄድ ነው፤ ቁስል አጥቤ አሽጋለሁ፣ የደም ግፊት እለካለሁ፣ ለእናቶቻችን ኢንሱሊን እንዴት እንደሚወጉ አሳያለሁ። ስለዚህ መኪናዬ ለእኔ የሽርሽር ዕቃ ሳትሆን የእንጀራዬ መሣሪያ ናት። ያረጀች፣ ትንሽ፣ አውቶማቲክ መኪና ናት።

ባለፈው ዓመት በዝናቡ ወራት ከአንዲት ታማሚ ቤት ስመለስ ዓድ ሃሎም መገናኛ አጠገብ ቀጥ አለች። የቦታው ስም «እስከዚህ ድረስ» ማለት ነው፤ በ1948 የግብፅ ጦር ወደ ሰሜን ሲገሰግስ የቆመው እዚያ ነበር። የእኔም መኪና እዚያው «እስከዚህ ድረስ» አለች። ለወንድሜ ደወልሁ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከአጎታችን ልጅ ጋር በቴንደር ደረሰ፤ ገመድ ይዘዋል። እግዜር ይስጣቸው፣ ሥራቸውን ጥለው ነው የመጡት። ኪርያት ማላኺ የሚያውቁት መካኒክ ስላለ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጌ፣ መሪውን ይዤ፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ጎተቱኝ። መንገዱ ክፍት ስለነበር ፍጥነቱም ቀላል አልነበረም።

በማግስቱ መካኒኩ መኪናዋ ለምን እንደቆመች አገኘው። የተበጠሰ የሞተር ቀበቶ ነበር፤ ርካሽ ዕቃ ነው። ቀበቶው ተቀይሮ ሞተሩ ሲነሳ ግን መኪናዋ አልሄድ አለች። ማርሽ ስታስገቡላት ታጓራለች እንጂ አትንቀሳቀስም። «ካምቢዮው ተቃጥሏል። ማነው የጎተታት?» አለ መካኒኩ። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። የጥገናው ዋጋ መኪናዋ ብትሸጥ ከምታወጣው ከግማሽ በላይ ነበር።

ነገሩን ኋላ ሲያስረዱኝ ነው የገባኝ። በአብዛኞቹ አውቶማቲክ መኪኖች የካምቢዮውን ዘይት የሚያዘዋውረው ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ኃይል ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል። መኪናው ሲጎተት ግን ጎማው ይዞራል፤ ጎማው ሲዞር የካምቢዮው ውስጥ ዕቃ አብሮ ይዞራል። ብረት ከብረት ጋር ያለ ዘይት ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ይበላላል። ፎሌ ላይ ማድረግ ይህን አያስቀረውም። እኛ መኪናዋ የተኛች መስሎን ነበር፤ እሷ ግን 20 ኪሎ ሜትር ሙሉ ያለ ዘይት ስትሠራ ነበር።

በሙያዬ ገና በመጀመሪያው ዓመት የተማርሁት ነገር አለ። የወደቀ ሰው ሲነሣ፣ ያነሣሡ መንገድ ከውድቀቱ የባሰ ሊጎዳው ይችላል። አንገቱ የተጎዳን ሰው በፍቅር ተሯሩጠው የሚያቅፉት ዘመዶቹ ናቸው። ይህን ለሰው እያስተማርሁ ለመኪናዬ ግን አላሰብሁትም።

ታዲያ የአሜሪካኖቹ ቤት መኪና እንዴት ይጎትታል? ጎረምሶቹ የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነው። ለእኛ «ካራቫን» ሲባል ትዝ የሚለን በ1991 በዘመቻ ሰለሞን የመጡ ወላጆቻችን የተቀመጡበት፣ እንደ ናሃል ቤካ ያለው ሠፈር ነው፤ ያ ካራቫን የትም አይሄድም ነበር። የአሜሪካኖቹ ግን ሞተር ያለው፣ አልጋና ወጥ ቤት ያለው፣ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚረዝም መኪና ነው። ከተማ ገብቶ ለማቆም ስለማይመች ሰዎቹ ትንሿን መኪና ከኋላ አስከትለው ይሄዳሉ፤ ቤት መኪናውን ካቆሙ በኋላ በእሷ ገበያ ይወጣሉ።

በፎቶው ላይ የማይታየው ግን ብዙ ነው። አንደኛ፣ ማንኛዋም መኪና አትጎተትም። የፋብሪካው መጽሐፍ «አራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆኖ መጎተት ይቻላል» ብሎ የፈቀደላት ብቻ ናት የምትመረጠው፤ መጽሐፉም ስንት ፍጥነት፣ ከጉዞ በፊት ምን ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራል። ሁለተኛ፣ የሚያያይዛቸው ገመድ አይደለም፤ ከትንሿ መኪና አካል ጋር የተበየደ ወይም በብሎን የታሰረ የብረት ክንድ ነው፤ ቢላቀቅ የሚይዝ ሰንሰለትም አለው። ሦስተኛ፣ ቤት መኪናው ፍሬን ሲይዝ የትንሿንም ፍሬን የሚረግጥ መሣሪያ ይገጠማል፤ የኋላ መብራቷና ፍሬቻዋም ከፊተኛው ጋር ይያያዛል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም፤ የትንሿ መኪና የፊት ጎማ ተጣምሞ ብረቱን ይሰብረዋል። ቤት መኪና ተከራይታችሁ ለመዞር የምታስቡ ልጆችም ውሉን አንብቡ፤ ብዙ አከራዮች ምንም ነገር መጎተትን ይከለክላሉ። እንግዲህ ይህንና የእኛን ገመድ አንድ ነው ማለት አንችልም።

ዛሬ በሠፈራችን የሚታዩት መኪኖች ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪና ጎማው ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎች መሬት ላይ እያሉ መጎተት ሊያበላሸው ይችላል። እንደነዚህ ያሉት፣ እንዲሁም በአራቱም ጎማ የሚነዱት፣ ጀርባው ላይ ሙሉ በሙሉ ጭኖ የሚወስድ ግራር ያስፈልጋቸዋል። ግራር ስትጠሩ የመኪናችሁን ዓይነት ቀድማችሁ ንገሩ፤ ትክክለኛው እንዲላክላችሁ።

ከመኪናው በላይ ደግሞ ሰው አለ። ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም አንድ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ገመዱ ሲላላ ቆይቶ በድንገት ሲወጠር ሊበጠስ ይችላል፤ የተበጠሰ ገመድ በአጠገቡ የቆመን ሰው ይገርፋል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ «በመኪና መጠቀም» ብሎ ከሚቆጥራቸው ነገሮች መካከል መኪናን መግፋትና መጎተትም አሉበት። ይህ ማለት ሲገፋ ወይም ሲጎትት የተጎዳ ሰው ጉዳዩ የመንገድ አደጋ ነው፤ ለሐኪሙም እንደዚያው ብሎ ይንገር። ደግሞም ቢቱዋህ ሆቫው ያለቀበትን መኪና «ሞተሩ ጠፍቷል፤ በገመድ ነው የሚሄደው» ብሎ መንገድ ላይ ማውጣት ትልቅ ስሕተት ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ካምቢዮው ከተቃጠለ ከሳምንት በኋላ የቢቱዋህ ወረቀቶቼን ከመሳቢያ አወጣሁ። ከመጨረሻዎቹ ገጾች አንዱ ላይ «ክታቭ ሼሩት» የሚል አለ፤ የመንገድ ላይ እርዳታና የግራር አገልግሎት፣ የራሱ የስልክ ቁጥር ያለው። ለዓመታት ስከፍልበት ነበር። ያን ቀን ብደውል ኖሮ መኪናዬን ጭነው ይወስዱልኝ ነበር። ዕብራይስጥ ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፤ በዕብራይስጥ ተምሬ ፈተና አልፌያለሁ። ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እኔ እንዲህ ከሆንሁ ዕብራይስጥ የማያነቡት አባቶቻችን ምን ይሁኑ? ስንቱ ጋሼ የከፈለበትን አገልግሎት ሳያውቅ መኪናውን በገመድ ያስጎትታል?

ስለዚህ ቢቱዋህ ስትገዙ ወይም ስታድሱ ሶኼኑን እነዚህን ጠይቁ። ግራር አለበት ወይ? ሆቫ ብቻውን የሰው አካል ጉዳትን ነው የሚሸፍነው፤ ግራር አብዛኛውን ጊዜ ከማኪፍ ወይም ከጻድ ጊሜል ጋር ተጨምሮ የሚገዛ ነው። በዓመት ስንት ጊዜ መጥራት እችላለሁ? በጠራሁ ቁጥር ከኪሴ የምጨምረው አለ? ወደ መረጥሁት ሙሳኽ ያደርሱልኛል? በሌሊት፣ በሻባትና በበዓልስ? ስልኩ የማን ነው? አገልግሎቱን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ሌላ ድርጅት ስለሆነ የሶኼኑ ስልክ አይጠቅምም።

«ግራር እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ነው፤ ወንድም ግን በሩብ ሰዓት ይደርሳል» የሚለኝ ሰው ይኖራል። እውነቱን ነው፤ በዝናብ መጠበቅ ያስመርራል። በሰዓት የሚከፈለው ሰው ደግሞ የጠበቀው ሰዓት ከደመወዙ ይቀነሳል። ግን እኔ ሦስት ሰዓት አተርፋለሁ ብዬ ሦስት ሳምንት አጣሁ። ሦስት ሳምንት በአውቶቡስ ከታማሚ ወደ ታማሚ ስሄድ፣ በቀን የማያቸው ሰዎች ቁጥር በግማሽ ቀነሰ፤ ቁስላቸው የሚጠብቀኝ ሽማግሌዎች ተጉላሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው።

ወንድም አይምጣ አልልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ያሳደገን ማኅበረሰብ ነው፤ ይህን ማጣት አንፈልግም። ወንድም ይምጣ፤ ግን ገመድ ሳይሆን ትኩስ ቡና፣ ጃንጥላና የባትሪ ኬብል ይዞ ይምጣ። እህቱን ወደ ሥራዋ ያድርሳት፤ መኪናውን ግራር ያንሣው። ችግሩ የሞተ ባትሪ ወይም የተነፈሰ ጎማ ከሆነ ደግሞ በ1230 የሚጠሩት የ«የዲዲም» በጎ ፈቃደኞች በነፃ ይረዳሉ። ትልቅ መንገድ ላይ ከቆማችሁ ከሁሉ በፊት ወደ ቀኝ ዳር ውጡ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ አንጸባራቂ ሰደርያውን ልበሱ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ከመንገዱ ዳር ካለው ብረት ጀርባ ይቁም። ስልኩ ከዚያ በኋላ ነው።

ለሶኼኖች፣ በተለይ ከእኛው ወገን ለሆናችሁ፣ አንድ ቃል አለኝ። ገንዘቡን ስትቀበሉ ያቺን የመጨረሻ ገጽ በአማርኛ አስረዱ፤ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ለልጆች ደግሞ እንዲህ እላለሁ፤ በዚህ ሻባት መውጫ የአባታችሁንና የእናታችሁን መሳቢያ ክፈቱ። የግራሩን ቁጥር ፈልጋችሁ በትልቁ ጻፉና መኪናው ውስጥ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ለጥፉት፤ ስልካቸውም ላይ «ግራር» ብላችሁ በአማርኛ መዝግቡት።

እኔ ለአባቴ እንዲህ አድርጌለታለሁ። ወንድሜም ገመዱን ከቴንደሩ አውጥቶ እናቴ ልብስ ታሰጣበት ዘንድ በረንዳ ላይ አስሮላታል።