በግራ እጅ መጫወት ወንጀል ነው እንዴ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ከዶሃ በድምፅ መልዕክት ጥያቄ ላከልን። ልጁ መካነ ሰላም ተወልዶ ያደገ ነው። እንደ ብዙዎቹ የቦረና ልጆች እንጀራ ፍለጋ አረብ አገር ወጣ። አሁን የሚሠራው ፓዴል የሚባል ጨዋታ በሚጫወቱበት ሜዳ ነው። መስታወቱን ይወለውላል፣ ኳስ ይሰበስባል፣ ሜዳውን ይጠርጋል። ተጫዋች ሲጎድል «ና ግባ» ይሉታል። ይገባል፤ ጥሩም ይጫወታል። ግን ግራኝ ነው።

አንድ ቀን አብሮት የሚሠራ ያገራችን ልጅ «ግራ እጅ እኮ የሸይጧን ነው፤ በሱ እየተጫወትክ ወንጀል ትሸከማለህ» አለው። ደንግጦ በቀኙ ሞከረ፤ መሳቂያ ሆነ። የጠየቀን ይህን ነው፦ «ልተወው ወይስ ልጫወት? በልጅነቴም ቁርአን ቤት በዚህ እጄ ምክንያት ብዙ ተገርፌያለሁ።»

እንቅልፍ የነሳችን ይህች የመጨረሻዋ ንግግሩ ናት። ወደሷ እንመለሳለን።

ፓዴልን ለማታውቁ በአጭሩ፦ በ1969 እ.ኤ.አ ሜክሲኮ አካፑልኮ ውስጥ ኤንሪኬ ኮርኩዌራ የተባለ ሰው በቤቱ ግቢ የጀመረው ጨዋታ ነው። ቴኒስ ይመስላል። ሜዳው ግን 20 ሜትር በ10 ሜትር ሆኖ በመስታወትና በሽቦ የታጠረ ነው፤ ኳሱ መሬት ነክቶ ግድግዳ ቢመታም ጨዋታው ይቀጥላል። ሁለት ለሁለት ይጫወቱታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች እጅግ ተስፋፍቷል፤ የዓለም ሻምፒዮናውም በ2021 እና በ2024 እ.ኤ.አ ዶሃ ላይ ተካሂዷል። እኛ ጋ የሚታወቀው እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ጠረጴዛ ቴኒስና ጆተኒ ነው። ጥያቄው ግን ለሁሉም አንድ ነው።

አሁን ወደ ሸሪዓው እንምጣ።

መጀመሪያ፣ ስለ ቀኝ እጅ የመጣውን ሱና አናቃልለውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቀኛችን እንድንበላና እንድንጠጣ አዘዋል፤ በግራው የሚበላውና የሚጠጣው ሸይጧን መሆኑንም ነግረውናል። ይህ በሶሒሕ ሙስሊም ከኢብኑ ዑመር የተላለፈ ነው። በቤታቸው ያደገው ልጅ ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ እጁን በሳህኑ ላይ ሲያዞር ያዩት ጊዜም ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላና ከፊቱ እንዲበላ አስተማሩት። ልብ በሉ፦ አስተማሩት እንጂ አልመቱትም፤ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ አደብ እንዳልወጣም ራሱ ተናግሯል።

ስለዚህ ግራኝ ወንድማችን ሆይ! ስትበላና ስትጠጣ በቀኝህ ይሁን። ኢማም ነወዊ እንደገለጹት በሕመም ወይም በቁስል ያልቻለ ሰው ዑዝር አለው፤ መልመድ የሚችል ግን ይልመድ።

ኳስስ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። እናታችን ዓኢሻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጫማ ሲያደርጉ፣ ሲያበጥሩ፣ ሲጠሃሩ፣ በጉዳዮቻቸው ሁሉ በቀኝ መጀመር እንደሚወዱ ተናግራለች። «ጉዳዮቻቸው ሁሉ» የሚለውን ይዞ «ኳስም በቀኝ ብቻ ነው» የሚል ሰው አለ። ኢማም ነወዊ ግን ነገሩን በመርህ አስቀምጠውታል፦ ክብርና ማጌጥ ያለበት ነገር፣ ልብስ መልበስ፣ መስጂድ መግባት፣ ሲዋክ፣ ጥፍር መቁረጥ በቀኝ ይጀመራል፤ የዚህ ተቃራኒ የሆነው፣ ሽንት ቤት መግባት፣ ኢስቲንጃእ፣ አፍንጫ መናፈጥ በግራ ይሆናል። ራኬት መምታት ከሁለቱም አይደለም። የመሣሪያ ሥራ ነው። በእንዲህ ያለ ልማዳዊ ነገር መሠረቱ መፈቀድ ነው፤ ከልካይ ነኝ የሚል ማስረጃ ያምጣ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአስለም ሰዎች በቀስት ሲወዳደሩ አግኝተው እንዳበረታቷቸው ቡኻሪ ዘግቧል። ቀስት ደግሞ ያለ ግራ እጅ አይወረወርም፤ አንዱ እጅ ደጋኑን ይይዛል፣ ሌላው ይስባል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብም በሁለቱም እጆቻቸው ይሠሩ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። አባቶቻችን ገበሬዎችስ በአንድ እጃቸው እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይይዙ የለ? እርፉን በየትኛው እጅህ ያዝክ ተብሎ የተወቀሰ ገበሬ አናውቅም። የሚታየው ትልሙ ነው።

«በቀኙ መብላት ከቻለ በቀኙ መጫወትም ይችላል» የምትሉ ደግሞ የቴኒሱን ራፋኤል ናዳልን ተመልከቱ። በቀኙ ይጽፋል፤ በግራው ተጫውቶ 22 ታላላቅ የግራንድ ስላም ዋንጫዎችን ወስዷል። አላህ ለአንድ ሰው ለአንዱ ሥራ ቀኙን፣ ለሌላው ግራውን ሊያቀናለት ይችላል። በቀኝ መብላትና በግራ መምታት አይጣሉም። የወንድማችን ሞሐመድ ሳላሕ ግራ እግርም ጎል ካስገባ በኋላ ግንባሩ ለሱጁድ ከመውረድ አላገደውም።

በፓዴል ደግሞ ግራኝ ተፈላጊ ነው። ግራኙ በሜዳው ቀኝ በኩል፣ ቀኙ በግራ በኩል ሲቆሙ የሁለቱም ጠንካራ ምት መሃል ላይ ይገናኛል። የዓለም ቁጥር አንድ ለመሆን የበቃው ስፔናዊው አርቱሮ ኮዬዮ ግራኝ ነው፤ አጣማሪው አጉስቲን ታፒያ ደግሞ ቀኝ ነው። ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ስለሆነ ተጋጣሚዎች የግራኝን ኳስ አልለመዱትም፤ የሚመጣበት አቅጣጫና መሽከርከሩ ግር ይላቸዋል። ዶሃ ያሉት ሰዎች ወንድማችንን «ና ግባ» የሚሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ነውር ያልነውን እነሱ ጥቅም አድርገው አዩት።

አሁን ወደ እንቅልፋችን ጠላት እንመለስ።

እኛ በቀራንበት ቁርአን ቤት በግራው ብዕር ያነሳ ደረሳ አለንጋ አይቀርለትም ነበር። ይህን እያየን አደግን። ማስተማር ስንጀምር እኛም ያንኑ ደገምነው። ስምንት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ነበር፤ በግራው ሲጽፍ ሉሁ ከሁሉም ይበልጥ ንጹሕ ነበር። ምክንያቱ የገባን ዘግይቶ ነው። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ የግራኝ እጅ ከቀለሙ ፊት ፊት ይሄዳል፤ እርጥቡን ፊደል አይነካም። ፊደሉን በእጃችን የምናበላሸው እኛ ቀኞቹ ነን። ይህን ሳናስተውል «በቀኝህ!» እያልን እጁን መታነው። ልጁ መንተባተብ ጀመረ፤ ከዚያ መቅረት አበዛ፤ በመጨረሻም መምጣቱን ተወ። አባቱ «ልቡ ትምህርት አልወደደም» አሉን። ዝም አልን። ልቡ ሳይሆን እጁ እንደሆነ እናውቅ ነበር።

ሱና እናስጠብቃለን ብለን አንድን ልጅ ከአላህ ኪታብ አራቅነው። አላህ ይቅር ይበለን።

አንዳንዱ «አስሓቡ ሺማል፣ የግራ ጓዶች፣ የእሳት ሰዎች ናቸው» ብሎ ልጆችን ያስፈራራል። ሱረቱል ሓቃህን ግን አንብቡ። መጽሐፉ በግራው የተሰጠው ሰው የጠፋው በአላህ ስላላመነና ሚስኪንን ለማብላት ስላላነሳሳ ነው። ብዕር በግራው ስለያዘ የሚል የለበትም። መጽሐፋችን በየትኛው እጃችን እንደሚሰጠን የሚወስነው ሥራችን ነው፤ ቀኞች ሆነን ተወልደናል ብሎ የሚተማመን ቢኖር ይፍራ።

ሌላም ቁስል አለ። አማርኛችን ራሱ ለግራ አይራራም፤ የተምታታበት «ግራ ገባኝ» ይላል፣ የሚመርቅ «ቀኝ ያውላችሁ» ይላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩትን ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም አል-ጋዚንም አማርኛው «ግራኝ»፣ ሶማልኛው «ጉሬይ» ብሎ ጠራቸው፤ የሁለቱም ፍቺ ግራ እጁን የሚጠቀም ማለት ነው። ስለዚያ ዘመን ጦርነት እኛና ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የምንተርከው ላይገጥም ይችላል፤ በወሎ አብሮ ቡና ከመጠጣት ግን አላገደንም። ነገር ግን አንድ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ይልቁንም ስሙ አሕመድ ከሆነ፣ እርሳስ በግራው ስላነሳ ብቻ በክፍል ውስጥ በዚያ ስም ሲሳቅበት ያሳዝናል። ይህ ልጅ እንባውን ጠርጎ ወደ መስጂድ ሲመጣ እኛ ደግሞ «የሸይጧን እጅ» ብለን ከተቀበልነው የት ይሂድ?

ለወንድማችን የመለስንለት፣ ከመስጂዳችን ኢማም ጋር ተመካክረን፣ ይህን ነው፦

ተጫወት፤ በግራህ ምታ። ስትበላና ስትጠጣ ቀኝህን አትርሳ። ቁማር ካለበት ውጣ። ከእምብርትህ እስከ ጉልበትህ ተሸፈን። አዛን ሲል ራኬቱን አስቀምጥ። የምትጠየቀው በነዚህ ነው። እጅህን የፈጠረው አላህ ነው፤ በፈጠረው አያፍርብህም፤ አንተም አትፈርበት።

ቁርአን ቤት የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ ጠዋት አንድ ሕፃን በግራው ብዕር ቢያነሳ አለንጋውን ተዉት፤ ሉሁን እዩለት። በቀኙ መብላትን ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዑመር ኢብን አቢ ሰለማን እንዳስተማሩት በፍቅር አስተምሩት።

ያ የመታነው ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። አንዳንዴ ገበያ ላይ ያየናል፤ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ይህን ጽሑፍ ካነበብክ ወንድማችን፣ በአላህ ይዘንሃል፣ አውፍ በለን። ሉህህ ካቆምክበት ይጠብቅሃል፤ በግራህ ጻፈው።

ወላሁ አዕለም። ለሚያስተምር ሁሉ አድርሱልን።