ቢሮ ማብዛት ሥልጣን ማካፈል አይደለም

ሥልጣን ወደ ታች ወርዷል የሚሉን ሰዎች አሉ። ማስረጃቸው የቢሮው ብዛት ነው። ክልል አለ፣ ዞን አለ፣ ወረዳ አለ፣ ቀበሌ አለ፤ ለሁሉም ማኅተም ተቀርጾላቸዋል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ አለን፦ ለመሆኑ ታች ያለው ሹም ላይ ያለውን «አይሆንም» ማለት ይችላል? የማይችል ከሆነ ወደ ታች የወረደው ትእዛዝ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ላይማ ምን ጠፍቶ! በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ይመደብላቸው ጀመር። ጅምሩ ጥሩ ነበር። ነገር ግን አብዛኛው በጀት ለደመወዝ ሲውል ወረዳው በራሱ የሚወስንበት ገንዘብ እምብዛም አልተረፈውም።

ከበጀቱ ይበልጥ እጁን ያሰረው ግን ፓርቲው ነበር። ኢሕአዴግ ይመራበት የነበረው «ዲሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት» ላይ የተወሰነውን ታች ያለው ሳያወላዳ እንዲፈጽም ያስገድድ ነበር። እንግዲህ የወረዳ አስተዳዳሪው ከመራጩ ይልቅ ግምገማውን ቢፈራ ምን ይደንቃል? በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች ወሰዱ። ክልሎቹ ዘጠኝ ነበሩ፤ አዛዡ ግን አንድ።

በ2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከሰመ። የተካው ብልጽግና ደግሞ ከሕወሓት በቀር የግንባሩን አባላትና አጋሮቹን በአንድ ፓርቲ ጠቀለላቸው። አጋሮቹ ከዳር ተመልካችነት መውጣታቸውን አንጠላም። ዘጠኝ በር የነበረውን ቤት በአንድ ቁልፍ መክፈት ግን ሥልጣን ማካፈል አይባልም። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ሲራዘምም እንደ ተራ ዜና ታለፈ። ለዕለት ኑሯችን ከሁሉም የቀረበው ምርጫ እኮ እሱ ነበር!

«ሁሉም እንዳሻው ከሆነ አገር ይበተናል» የሚሉ አሉ። መከላከያውን፣ ብሩን፣ የወረርሽኝ መከላከሉን ማዕከሉ ይያዝ፤ ማን ከለከለው? የመንደሩን የውሃ ቧንቧ ግን ለምን ይይዛል? የታችኛውም ሹም አምባገነን ይሆናል ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው፦ አዎ፣ ይሆናል። መድኃኒቱም ነዋሪው እንዲሽረውና ፍርድ ቤት እንዲጠይቀው ማድረግ ነው። ከላይ ሌላ የማይሻር ጌታ መጨመር በሽታውን ያባብሳል። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት አባቶቻችን የአገር መበተን ሳይገባቸው ቀርቶ አይመስለንም።

ፈረንጅ አገር ድረስ ሄደን ሞዴል መፈለግም አይጠበቅብንም። በደንብ በሚመራ እድር ዳኛው ገንዘቡን አይዝም፤ ገንዘብ ያዡም ብቻውን አያወጣም። ሁለቱንም አባላቱ ተሰብስበው ይሾሟቸዋል፣ ካስፈለገም ያወርዷቸዋል። ማንም ቀብር ሳይደርስ የቀረው እድሩ ሥልጣን ስላካፈለ አይደለም።

ስለዚህ ከእንግዲህ «ያልተማከለ አስተዳደር» ብሎ የሚመጣብንን ሁሉ፣ ፓርቲም ይሁን ማኅበር፣ ሦስት ነገር እንጠይቀው። ታች ያለውን ማን ይሾመዋል? ማን ይሽረዋል? በገንዘቡ ላይ ማን ይፈርማል? የሦስቱም መልስ «ከላይ» ከሆነ ማኅተሙን ይዞ ይሂድልን።